ቁጥሩ ደህና ነው፤ ቅርጹስ?

(በማኅበራችን የምሩቃን መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ "ከሙያሽ ውጭ ስለሆነ አንድ ነገር ሃያ ደቂቃ ንገሪን" ነው ያለኝ። የመድረካችን ወግ ነው፤ ታውቁታላችሁ። እኔ የልብ ሐኪም ነኝ። ርዕሴ ግን ቶካማክ በሚባል ማሽን ውስጥ ያለ የፕላዝማ ቅርጽ ነው። የፊዚክስ መምህራኖቻችን ከፊት ረድፍ ቁጭ ብለው ሳይ ጉልበቴ ትንሽ መንቀጥቀጡን አልደብቅም። በመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ያገኘሁትን ውጤት የሚያስታውስ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ለዛሬ ዝም በሉልኝ።

ከሙያዬ ብዙ እንዳልርቅ ግን ከልብ ልጀምር።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ነው። በስም በማልጠራው ሆስፒታል ስሠራ አንዲት የሰላሳ አንድ ዓመት እናት መጣች። ከወለደች ስድስት ሳምንቷ ነው። "ዶክተርዬ፣ ልጁን አቅፌ ከአልጋ ወደ በር ስሄድ ትንፋሽ ያጥረኛል" አለችኝ። የልብ አልትራሳውንድ፣ እኛ በአጭሩ ኢኮ የምንለውን፣ ራሴ ሠራሁላት። ከወሊድ በኋላ ልባቸው የሚደክም እናቶች ስላሉ የፈለግሁት አንድ ቁጥር ነበር፤ ግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት እጁን ይገፋል የሚለውን። ስልሳ በመቶ ወጣ። ደህና ቁጥር ነው። ውጭ ብዙ ሰው ተሰልፏል። "ልብሽ ጤነኛ ነው፤ የወሊድ ድካም ይሆናል" ብዬ ሸኘኋት።

በዘጠነኛው ቀን ራሷን ስታ በአምቡላንስ ተመለሰች። የዚያን ዕለት ተረኛ የነበሩት አንጋፋ ሐኪም እኔ የቀዳሁትን ምስል ከማሽኑ አውጥተው ከፈቱት። አልተቆጡም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው "ይኼ ምን ይመስልሻል?" ብቻ አሉኝ። ግራው የልብ ክፍል በአግድም ሲታይ እንደተቆረጠ ሎሚ ክብ መሆን አለበት። የሷ አንዱ ጎኑ ጠፍጥፎ የእንግሊዝኛዋን ፊደል ዲን ሠርቷል፤ አንዱ ጎን ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎን የተነፋ። ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶ፣ ቀኙ የልብ ክፍል ግፊት በዝቶበት፣ መካከለኛውን ግድግዳ ወደ ግራ እየተጫነው ነበር። ምልክቱ ራሴ በቀዳሁት ምስል ላይ፣ ዓይኔ ሥር ነበር። ቁጥሩን በትክክል ለክቻለሁ፤ ቅርጹን አላየሁትም።

ተርፋለች። ሳንባዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ጥቂት ደረጃ ወጥታ ማረፍ አለባት። ስህተቱ የኔ መሆኑን ቁጭ አድርጌ ነግሬያታለሁ። በየሦስት ወሩ አሁንም እኔው ጋ ነው የምትመጣው። ያኔ ሕፃን የነበረው ልጅ ዛሬ ቦርሳዋን ይዞላት ከኋላዋ ይገባል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስክሪን ላይ ዲ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ይህን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለአጭር ሥልጠና ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ሄድኩ። እዚያ ከተማ የዚሁ ግቢ የፊዚክስ ምሩቅ የሆነ የኛ ዘመን ልጅ አለ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን እንዳልጠራ ግን አስምሎኛል። እሑድ እሑድ ቡና ሲጠራኝ ከርሞ አንድ ቀን "ነይ፣ የምሠራበትን ላሳይሽ" ብሎ ወደ ስዊስ ፕላዝማ ማዕከል ወሰደኝ። በሎዛን የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ሥር ያለ ነው። ማሽኑ ቲሲቪ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሠራ ቶካማክ ነው። የስሙ ትርጉም "ቅርጹ የሚለዋወጥ ቶካማክ" ማለት ነው።

ስክሪን ላይ የፕላዝማውን አግድም ገጽ አሳየኝ። ዲ።

"ይኼ ምን ሆኖ ነው?" አልኩት በድንጋጤ።

ሳቀብኝ። "ምንም አልሆነም፤ ይኼ እኮ ጤነኛው ነው።"

ቀጥሎ ሌላ ምስል ከፈተ። ያው ዲ፣ ፊቱን አዙሮ፤ ቀጥ ያለው ጎን ወደ ውጭ፣ የተነፋው ጎን ወደ ውስጥ። "ይኼስ?" አልኩት።

"ይኼኛው ለብዙ ዓመት እንደ በሽተኛ ሲታይ የኖረው ነው" አለኝ። "አሁን ግን ሰው ሁሉ እየመጣ እየመረመረው ነው።"

የዛሬው ንግግሬ የነዚያ የሁለቱ ምስሎች ታሪክ ነው።

እንግዲህ ፕላዝማ ስል፣ የሕክምና ሰዎች ሆይ፣ የደሙን ማለቴ አይደለም። አንድ ጋዝ እጅግ ሲሞቅ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ተላቀው የሚፈጠር፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ነው። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሙር እ.ኤ.አ. በ1928 ይህን ስም ሲያወጣለት፣ የሥራ ባልደረባው እንደጻፈው፣ የደም ፕላዝማ ትዝ ብሎት ነው። ስሙን ከኛ ነው የተበደሩት ማለት ነው።

ዓላማው ፀሐይ የምታደርገውን በምድር ላይ ማድረግ ነው፤ ቀላል አተሞችን አዋህዶ ኃይል ማውጣት። ለዚህ በዋናነት የሚታሰቡት ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነቶች፣ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም ናቸው። እነሱን ለማዋሃድ ወደ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል፤ የፀሐይ እምብርት አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን የሚችል ድስት የለም። ፕላዝማው ራሱም ቢሆን ዕቃ ሲነካ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ብዙ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በደቡብ ፈረንሳይ እየተገነባ ባለው ኢተር በተባለው ትልቅ ቶካማክ ውስጥ 840 ሜትር ኩብ የሚሞላው ፕላዝማ ቢመዘን አንድ ግራም አይሞላም።

ስለዚህ ፕላዝማው የሚያዘው በማግኔት መስክ ነው። የማሽኑ ክፍል ቀለበት ነው፤ የካፌያችንን ቦምቦሊኖ አስቡት። መሃሉ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን በጥቅል ሽቦ የተከበበ። ሐሳቡ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሶቪየቶቹ ታምና ሳካሮቭ የመጣ ሲሆን፣ "ቶካማክ" የሚለው ስምም ከሩሲያኛ ቃላት ተቆራርጦ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በኖቮሲቢርስክ ጉባኤ ላይ ሶቪየቶቹ ቲ-3 በተባለው ማሽናቸው ያገኙትን ሙቀት ሲናገሩ ምዕራባውያኑ አላመኑም። በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል እንግሊዛውያን ባለሙያዎች የሌዘር መለኪያቸውን ጭነው ሞስኮ ሄዱ፤ በ1969 ለክተው "እውነት ነው" አሉ። ዓለም ወደ ቶካማክ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ሐኪሞች "ሁለተኛ አስተያየት" የምንለው ነገር እንዲህ ያለ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ ቶካማክ ተሳካ የሚባለው ሦስት ነገሮች ተባዝተው በቂ ሲሆኑ ነው፤ የፕላዝማው ጥግግት፣ ሙቀቱ፣ እና ሙቀቱን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ። ሦስተኛውን እንዲህ አስቡት። ማሞቂያውን ብታጠፉት ያጠራቀመው ሙቀት በስንት ጊዜ ይሸሻል? በእንግሊዝ በነበረው በትልቁ ጄት እንኳ ይህ ጊዜ ቢበዛ አንድ ሴኮንድ አካባቢ ነበር። ይህችን ሴኮንድ ለማርዘም ነው ሁሉም የሚታገለው። ማሽኑን እጅግ ትልቅ አድርጎ መሥራት አንዱ መንገድ ነው፤ ገንዘብ ካለ። ርካሹ መንገድ ቅርጹን መቀየር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቶካማኮች ፕላዝማቸው ሲቆረጥ ክብ ነበር። ነገር ግን ቀለበቱ ሁለት ጎን አለው። ወደ ቀዳዳው ያለው የውስጥ ጎን መስኩ ብርቱ የሆነበት፣ ፕላዝማው ረግቶ የሚቀመጥበት ደህናው ጎን ነው። የውጭው ጎን መስኩ የሳሳበት ነው፤ ግድግዳው እንደሳሳ የደም ቧንቧ እዚያ በኩል ማበጥ ይፈልጋል። መፍትሔው የመስኩን መስመሮች እንደ ሹሩባ መጎንጎን ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ውጭውን ጎን ሲነካ ቆይቶ ወደ ደህናው ጎን እንዲመለስ። ይህን ጉንጉን የሚሠራው በራሱ በፕላዝማው ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ሙቀቱ በተሻለ ይያዛል። ልክ ሲያልፍ ግን ፕላዝማው ከመጠን በላይ እንደተጠመዘዘ የውኃ ጎማ ይቆለመምና በሚሊሴኮንዶች ውስጥ ሁሉም ነገር ያበቃል።

ታዲያ ክቡን ወደ ላይና ወደ ታች ብንስበውስ? ወገቡ ያው ሆኖ ቁመቱ ሲጨምር፣ መስመሩ ዙሪያውን ለመዞር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፤ ስለዚህ ሳይቆለመም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይችላል። በተለመደው ቀመር ስታሰሉት፣ ቁመቱ የስፋቱ 1.8 እጥፍ ሲሆን የሚችለው ኤሌክትሪክ ከክቡ እጥፍ ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያው ሎዛን ፍራንሲስ ትሮዮን የሚባል ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ደግሞ ፕላዝማው ሳይፈርስ የሚሸከመው ከፍተኛ ግፊት ከዚሁ ኤሌክትሪክ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳዩ። ሕጉ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ስለዚህ በመርዘም ብቻ ሁለት ነገር ይገኛል፤ ሙቀቱ ይቆያል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ነፃ ምሳ ይመስላል።

ነፃ ምሳ ግን የለም። ፕላዝማውን የሚያረዝሙት ከላይና ከታች ያሉ ማግኔቶች ስለሚጎትቱት ነው። በትክክል መሃል ላይ እስካለ ድረስ ሁለቱም እኩል ይጎትታሉ። በአንዲት ፀጉር ወደ ላይ ካለ የላይኛው ይበረታበታል፤ በበረታበት መጠን ይበልጥ ይወጣል፣ በወጣ መጠን ይበልጥ ይጎተታል። ልጅ ሆነን የመጥረጊያ እንጨት መዳፋችን ላይ አቁመን እንጫወት አልነበር? እሱ ነው። እንጨቱ እንዳይወድቅ እጃችን ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። በቶካማክ ውስጥ የብረቱ ግድግዳ አወዳደቁን ከማይክሮሴኮንድ ወደ ሚሊሴኮንድ ያዘገየዋል፤ በዚያች ፋታ ደግሞ ኮምፒውተሩ የጥቅል ሽቦዎቹን ኤሌክትሪክ እያስተካከለ ይመልሰዋል። አንድ ጊዜ ካመለጠው ፕላዝማው ሄዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ማሽኑንም በብዙ ቶን ኃይል ያናውጠዋል። ቲሲቪ ቁመቱን እስከ ስፋቱ 2.8 እጥፍ ድረስ ወስዶታል። ጓደኛችን ይህን ሲነግረኝ የራሱን ቁመት የሚናገር ነው የሚመስለው።

ከመርዘም ቀጥሎ ዲ መጣች። ማርዘም ብቻ ሳይሆን የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ ወደ ቀዳዳው ማዘንበል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን መስመሮቹ በደህናው ጎን ብዙ ይቆያሉ፣ በደካማው ጎን በፍጥነት ያልፋሉ። ለመሐንዲሶችም ይመቻል፤ ትላልቆቹ ጥቅል ሽቦዎች ራሳቸው ዲ ሲሆኑ የሚወጥራቸውን ኃይል በእኩል ይሸከማሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ የጀመረው የእንግሊዙ ጄት ዲ ነበር። በሳንዲየጎ ያለው አሜሪካዊ ማሽን በ1986 ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ዲ ሆነ፤ ስሙም ዲ-ሦስት-ዲ ተባለ።

በዚያው ዘመን፣ በ1982፣ በጀርመን ጋርሺንግ፣ ፍሪትዝ ዋግነር አስዴክስ በተባለው ማሽን ላይ ያልተጠበቀ ነገር አየ። ማሞቂያው ከአንድ መጠን ሲያልፍ የፕላዝማው ዳር በራሱ ጋቢ የደረበ ያህል ሆነ፤ ሙቀቱ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ጨመረ። ይህ ሁኔታ ዛሬ ኤች-ሞድ ይባላል። ዲዋ ደግሞ ጋቢውን ታወፍረዋለች። በዳር በኩል ግፊቱ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ እንዲቆም ትፈቅዳለች። በቃ፣ ነገሩ አለቀ ተባለ። ረጅም፣ ዲ፣ ኤች-ሞድ። ኢተርም የተነደፈው በዚሁ ነው፤ 50 ሜጋዋት የማሞቂያ ኃይል ፕላዝማው ውስጥ ገብቶ 500 ሜጋዋት የውህደት ኃይል እንዲወጣ።

ገደል ግን ይናዳል። በኤች-ሞድ ውስጥ የዳሩ ግፊት እየተጠራቀመ ይሄድና አንድ ጊዜ ፈንድቶ ትኩስ ፕላዝማ ወደ ግድግዳው ይረጫል። እንደገና ይጠራቀማል፤ እንደገና ይረጫል። ሽሮ ሲንተከተክ ምድጃው ዙሪያ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በትናንሾቹ ማሽኖች ግድግዳው ይችለዋል። እንደ ኢተር ባለው ትልቅ ማሽን ግን፣ ካልተገታ፣ እያንዳንዱ እርጭት ግድግዳውን እየላጠ የሚሄድ ነው። ስለዚህ እርጭቱን ለማብረድ ተጨማሪ ጥቅል ሽቦ፣ ተጨማሪ የበረዶ እንክብል መተኮሻ እየተባለ መድኃኒት ላይ መድኃኒት ተደራረበ። የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ይህን ታሪክ ያውቁታል። አንዱን ቁጥር ለማሻሻል የሰጠነው መድኃኒት ሌላ ቦታ ያመጣውን ጣጣ በሦስተኛ መድኃኒት ስናክም እንኖራለን።

ወደ ሁለተኛው ምስል፣ ወደ ተገለበጠችው ዲ ልመለስ። በሷ ላይ የቀረበው ክስ በስሌት የተደገፈ ነበር። ጫፎቹ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብሉ መስመሮቹ በደካማው ጎን ብዙ ይቆያሉ፤ ስለዚህ የምትሸከመው ግፊት ዝቅ ይላል። ቀጥ አድርጎ ማቆሙም የበለጠ ያስቸግራል። ክሱ ሐሰት አይደለም። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ማሽኖች ይህን ቅርጽ ጨርሶ እንዳይሠሩ ተደርገው ተገነቡ፤ የግድግዳቸው ቅርጽ ራሱ ዲ ነው። የብረት ቤትህን ዲ አድርገህ ከሠራህ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አትችልም።

ቲሲቪ ግን ክፍሉ ረጅም አራት ማዕዘን ነው። ዙሪያውን ያሉት 16 ቅርጽ ሰጪ ጥቅል ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ለብቻ ይታዘዛሉ። የተሠራው "የትኛው ቅርጽ ጥሩ ነው" ብሎ ለመጠየቅ ስለሆነ ማንንም ቅርጽ አይከለክልም። እዚያ ነው በ1990ዎቹ መጨረሻ የተገለበጠችው ዲ ሙቀት በደንብ እንደምትይዝ መታየት የጀመረው። በ2007 የወጣው ሥራ ደግሞ ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። ሁለት ፕላዝማዎች፣ እኩል የተዘነበሉ፣ አንዱ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ ውጭ። የተገለበጠችው በግማሽ የማሞቂያ ኃይል ያንኑ የኤሌክትሮን ሙቀት ያዘች። ግማሽ! በሆስፒታል ቋንቋ ታማሚው በግማሽ ኦክስጅን እኩል ተነፈሰ ማለት ነው።

ምክንያቱ ዝርዝር ነው፤ መምህራኖቻችን ካጎደልኩ ያርሙኝ። በደካማው ጎን ተይዘው ወዲያ ወዲህ የሚመላለሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ሙቀትን ከመሃል ወደ ዳር የሚያጓጉዙት ትናንሽ አዙሪቶች የሚጎለብቱት በአመዛኙ ከነዚህ ኤሌክትሮኖች ጋር ሲገጣጠሙ ነው። ቅርጹ ሲገለበጥ የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ ይቀየርና ግጥምጥሙ ይላላል፤ አዙሪቶቹም ይዳከማሉ። ሁለተኛው ነገር ዳሩ ላይ ነው። የተገለበጠችው ዲ ገደል መሥራት አትችልም፤ ግፊቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳይቆም በትንሽ በትንሹ ይለቀቃል። ስለዚህ ጋቢ የለም፤ እርጭትም የለም። ድክመቷ ነው ሲባል የኖረው ነገር ግድግዳውን የሚጠብቅላት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ ጫፎቿ ወደ ውጭ፣ ቦታ ወደሚሰፋበት ስለሚያመሩ፣ የሚወጣው ሙቀት የሚያርፍበት ገጽ ይበልጥ ሰፊ ይሆናል።

ሎዛን ትንሽ ማሽን ነው፤ "እዚያ ብቻ ቢሆንስ?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሳንዲየጎ ያሉት ሞከሩት፤ በ2019 ያሳተሙት ውጤት ያለ ገደል ከኤች-ሞድ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት አያያዝ አሳየ። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ በማሽናቸው ግድግዳ ላይ ለዚህ ቅርጽ የሚሆን መከላከያ ገጥመው ራሱን የቻለ ዘመቻ አደረጉ፤ ከፍተኛ ኃይል ሰጥተውትም እርጭቱ አልመጣም። ጄትም ከአርባ ዓመት አገልግሎት በኋላ በታኅሣሥ ወር 2023 ሲዘጋ፣ በመጨረሻው ቀን ከሞከራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ዕድሜ ልኩን ዲ የነበረ ማሽን ሊሞት ሲል ቅርጹን ገልብጦ አየ። ጓደኛችን ይህን ሲነግረኝ ቡናውን አስቀምጦ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ።

አንድ ነገር ላስተካክል። "የተገለበጠችው ዲ አሸነፈች" እያልኩ አይደለም። ኢተር በተለመደው ዲ ነው የሚገነባው፤ ለዚያም በቂ ምክንያት አለው። የግፊቱ ወሰንና ቀጥ ብሎ የመቆሙ ችግር እንዳሉ ናቸው። ለሕዝብ መብራት የሚሰጥ ቶካማክም እስካሁን የለም። ሐኪም ሆኜ ገና በሙከራ ላይ ያለን ነገር "ፈዋሽ" ብዬ ከዚህ መድረክ ብሸጥ አስተማሪዎቼ ያፍሩብኛል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ለሃምሳ ዓመት ጎበዝ የሆኑ ሰዎች አንድ ጥያቄ ሲጠይቁ ነበር፤ "ምን ያህል ሙቀት ያዘ?" መልሱም ዲ ነበር፤ ትክክለኛ መልስ። "ግድግዳውስ ምን ይከፍላል?" የሚለው ጥያቄ በእኩል ሲጠየቅ ግን የተጣለው ቅርጽ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ሊመለስ የቻለውም አንድ ቦታ ላይ ማንንም ቅርጽ የማይከለክል ክፍል የሠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

እኔ ስልሳ በመቶ ስጽፍ ትክክል ነበርኩ። ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ዛሬ በምሠራበት ክፍል የኢኮ ውጤት መጻፊያ ቅጻችን ላይ ከቁጥሩ በላይ አንዲት መስመር ጨምረናል፤ "ቅርጽ" ትላለች። ሳትሞላ ውጤት አይወጣም። ወጣቶቹ ሐኪሞች ጊዜ ትወስድብናለች ብለው ያማርራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ትወስዳለች።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ልውረድ።

ከሰዓት በኋላ በሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተማሪዎች ድጋፍ ፈንዳችን መስፈርት ለውሳኔ ይቀርባል። ረቂቁን አንብቤዋለሁ። አጠቃላይ ነጥቡ ከ3.25 በታች የሆነ ተማሪ ማመልከቻው አይከፈትም ይላል። የኮሚቴውን ችግር እረዳለሁ። አመልካቹ ብዙ ነው፣ አንባቢው ጥቂት ነው፤ ውጭ ሰው ተሰልፏል። እኔም ያንን ሰልፍ አይቼዋለሁ።

ሎዛን ያሳየኝ ልጅ በአንደኛ ዓመቱ መጨረሻ ስሙ የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ውስጥ ተለጥፎ ነበር። ከገጠር መጥቶ በእንግሊዝኛ መማር የጀመረው ያኔ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቀና አለ። በመጨረሻዎቹ አራት ሴሚስተሮች ከክፍሉ የሚቀድመው አልነበረም። ሲመረቅ ግን ያ የመጀመሪያ ዓመት ጎትቶት ድምር ነጥቡ 3.25 አልሞላም። በዚህ ረቂቅ ቢመዘን ማመልከቻው አይከፈትም ነበር። ያኔ ትራንስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች ያነበቡ አንድ መምህር ነበሩ፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉለት እሳቸው ናቸው። ዛሬ እነዚያን ጥቅል ሽቦዎች ከሚያዙት ሰዎች አንዱ ነው።

ነጥቡ ይቅር አልልም፤ ቁጥር ያስፈልጋል። "አይከፈትም" የምትለዋ ቃል ግን ትውጣና በምትኩ ውጤቱ በየሴሚስተሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታይ። አንባቢ ካነሰ እኔ አለሁ። በየዓመቱ ሠላሳ ማመልከቻ ይመደብልኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ከመካከላችሁ አሥር ሰው እንዲሁ ካለ ሦስት መቶ ማመልከቻ ተነበበ ማለት ነው። ስም መመዝገቢያ ወረቀቱን በር ላይ ካለው የቡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የኔ ስም መጀመሪያ ላይ አለ።